የሰነበተ ሳልና የቤት ውስጥ እንክብካቤው

ሳል የማይገባበት ቤት የለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ከጉና ተራራ የሚነሣው ብርድ የላይ ጋይንትንና የእስቴን ደጋ ሲያንቀጠቅጥ፣ በታች ጋይንትና በስማዳ ቆላም የአውድማው ገለባና አቧራ አየሩን ሲሞላ፣ ሌሊቱን በሳል የማይነቃ ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። እናት ተነሥታ እሳት ትጭራለች፤ ውሃ ትጥዳለች፤ ካላት ማር ቀንሳ፣ ከጓሮዋ ቅጠል ቀጥፋ ለሚስለው ትሰጣለች። ሳሉም አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይለቃል።

ችግሩ የሚመጣው አልለቅ ያለ እንደሆነ ነው። ሳሉ ሁለት ሳምንት አልፎት፣ «ብርዱ ነው፤ ብርዱ ሲያልፍ ይተወዋል» እየተባለ ሲሰነብት፣ ማሩም ቅጠሉም ሳይሠራ ሲቀር፣ በቤት ውስጥ የሚደረገው እንክብካቤ ጥቅሙ ያበቃና ጉዳቱ ሊጀምር ይችላል። ሳልን ማስታገስ አንድ ነገር ነው፤ ሳሉን ያመጣውን በሽታ ማዳን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በዛሬው ጽሑፋችን በቤትዎ ሊያደርጉት የሚገባዎን፣ ሊያደርጉት የማይገባዎንና ወደ ሕክምና የሚሄዱበትን ቀን እንነግርዎታለን።

ሳል ምንድን ነው?

ሳል በራሱ በሽታ አይደለም። የመተንፈሻ አካል ወደ ውስጡ የገባውን ጭስ፣ አቧራ፣ አክታ ወይም ሌላ ባዕድ ነገር አስወጥቶ የሚጥልበት መከላከያ ነው። ስለሆነም ሳልን ጨርሶ ለማፈን መታገል ሁልጊዜ ጠቃሚ አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «ይህን ሰው የሚያስለው ምንድን ነው?» የሚለው ነው።

ከሁሉም የሚበዛው ከጉንፋን የሚመጣው ሳል ነው። ጉንፋን የሚያስከትለው ቫይረስ የሚባለው ረቂቅ ተሕዋስ እንጂ ብርዱ ብቻውን አይደለም። ብርድ ሲሆን ሰው በአንድ ቤት ተፋፍጎ ስለሚውልና ስለሚያድር በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይተላለፋል። ንፍጡና ራስ ምታቱ ከተወ በኋላም የጉሮሮውና የአየር ቧንቧው ቁስለት ቶሎ ስለማይሽር ሳሉ ብቻውን ይቀራል። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው እንዲህ ያለው ሳል በአማካይ 18 ቀን ገደማ ሲቆይ፣ ሰዎች ግን ከ7 እስከ 9 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቃል ብለው ይጠብቃሉ። ባለመታገሥም ብዙዎች ወደማያስፈልግ መድኃኒት ይሮጣሉ። ከሱቅ ወይም ከጎረቤት የተገኘ የአሞክሲሲሊንና የቴትራሳይክሊን እንክብል በጉንፋን ቫይረስ ላይ ምንም ኀይል የለውም። ያለሐኪም ትእዛዝ መዋጡ፣ መድኃኒቱ በእርግጥ በሚያስፈልግበት ቀን እንዳይሠራ ያደርገዋል።

ከጓዳ የሚገኝ ማስታገሻ

ከጓዳዎ ከሚያገኙት ሁሉ በጥናት የተደገፈው ማር ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በፔንሲልቫኒያ ሐኪሞች 105 በጉንፋን የሚስሉ ልጆችን ወስደው ባደረጉት ጥናት፣ ከመኝታ በፊት ማር የተሰጣቸው ልጆች ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ ሳላቸው በርዶ የተሻለ እንቅልፍ አግኝተዋል። በዚያ ጥናት የተሰጠው መጠን ለቤትም ይስማማል። ከ2 እስከ 5 ዓመት ለሆነው ልጅ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ለሆነው 1 የሻይ ማንኪያ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 2 የሻይ ማንኪያ ማር ከመኝታ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይሰጣል። ማሩን ብቻውን ማላስ ወይም ለብ ባለ ውሃ ወይም ሻይ በጥብጦ ማጠጣት ይቻላል።

ይሁን እንጂ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በጣት ጫፍ እንኳ አይሰጥም። ማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል የአንድ ባክቴሪያ ዘር በሕፃኑ አንጀት ውስጥ በቅሎ መርዝ በማመንጨት ጡንቻውንና ትንፋሹን ሊያስንፍ ይችላል። ማሩን ማፍላት ይህን ዘር አይገድለውም። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን መድኃኒቱም መጠጡም የእናቱ ጡት ነው። በሚስልበት ጊዜ ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት በጥቂት አጥቡት።

ለትልልቆች ከማሩ ሌላ የሚከተሉት ይረዳሉ።

ትኩስ መጠጥ አክታን ያቀጥናል፤ ጉሮሮንም ያለሰልሳል። አንድ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ወቅጠው በሁለት ብርጭቆ ውሃ ካፈሉ በኋላ ከእሳት ያውርዱት። ለብ ሲል ሎሚ ይጭመቁበትና ማር ይጨምሩበት። በከፍተኛው ደጋ የሚበቅለው ጦስኝም በሻይ መልክ ቢጠጣ መልካም ነው። ታምሶ የተወቀጠ ተልባ በሞቀ ውሃ ተበጥብጦ ሲጠጣ ልስላሴው ለደረቅ ሳል ጉሮሮን ያሳርፋል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አሟሙቶ መጉመጥመጥ የሚያሳክክ ጉሮሮን ይረዳል። ይህ ግን ተጉመጥምጦ መትፋት ለሚችል ልጅና ለዐዋቂ እንጂ ለሕፃን አይሆንም።

በውርጭ ጧት ውሃ ለመቅዳት ወይም ከብት ለማሰማራት ሲወጡ አፍንጫና አፍን በነጠላ ወይም በጋቢ ጫፍ መሸፈን ከጥንት የቆየ ልማድ ነው፤ ጥቅምም አለው። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር የታመመውን የአየር ቧንቧ ይቆጠቁጠዋል። ጨርቁ ግን የራስን ትንፋሽ ሙቀትና እርጥበት ይዞ አየሩን ያለዝበዋል። እህል በሚወቃበትና ገለባ በሚነሣበት ጊዜም እንዲሁ መሸፈን ያሻል። ሌሊት ለሚስል ዐዋቂም ትራሱን ከፍ ማድረግ ይረዳዋል።

መጠንቀቅ የሚገባባቸው ነገሮችም አሉ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ጤና አዳም አፍልታ መጠጣት የለባትም፤ ማኅፀንን ሊያኮማትር ይችላልና። ሕፃንን በፈላ ውሃ እንፋሎት ማጠን የሚያመጣው የቃጠሎ አደጋ ከጥቅሙ ይበልጣል። አረቄ ሳልን አያድንም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሕፃኑን በግድ ቅቤ ማዋጥ ነው። እያለቀሰ የተዋጠው ቅቤ ወደ ሳምባው ሊገባ፣ ገብቶም ከባድ የሳምባ ምች ሊያስከትል ይችላል። ከሱቅ የሚገዛውም የሳል ሽሮፕ ያለሐኪም ትእዛዝ ለትናንሽ ልጆች አይሰጥም።

ሳሉን የሚያመጣው ጭስ ቢሆንስ?

ማር የሚያስታግሰውን ሳል ምድጃው መልሶ ይቀሰቅሰዋል። በደጋው አገር ቤቱ ብርድ እንዳያስገባ ተብሎ ጠባብ በር ይደረግለታል፤ መስኮትም ብዙ ጊዜ የለውም። ኩበት፣ እርጥብ ባሕር ዛፍና ጭራሮ በሦስት ጉልቻ መካከል ሲነድ ጭሱ መውጫ አጥቶ በቤቱ ይታፈናል። ይህን ጭስ ከሁሉ አብልጣ የምትስበው እንጀራ የምትጋግረው እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 የሚበልጡት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አቅም ቢፈቅድ ማድ ቤቱን ከመኝታ ቤቱ መለየት ዋናው ነው። ባይፈቅድም ከምድጃው በላይ ባለው ግድግዳ ከጣራው ሥር የጭስ መውጫ ቀዳዳ መክፈት፣ እሳት ሲነድ በሩን ገርበብ ማድረግ፣ እንጨቱንና ኩበቱን በደንብ አድርቆ መማገድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ እሳቱን ስለሚሸፍን ከሦስት ጉልቻው ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ጭሱንም ያሳንሰዋል። ከሁሉም የሚቀለው ግን ልጅ አዝሎ አለመጋገር ነው። በሚጋግሩበት ሰዓት ሕፃኑን አያቱ ወይም ታላቅ እኅቱ ከደጅ ብትይዘው፣ ወይም አባቱ ቢያቅፈው፣ ይህ ብቻ ሳምባውን ብዙ ያሳርፈዋል።

ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ ቆሻሻ ማቃጠል በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የሚታወስ ልማድ ነው። ጽዳቱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ጭሱ አስም ያለበትንና ሳል የያዘውን ሰው ያባብስበታልና የሚስለውን ሰው ከዚያ አርቁት። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለም ከቤት ውጭ ያጭስ፤ ቢተው ደግሞ ለራሱም ይበጀዋል።

እንጥል አይቆረጥ

ሕፃን አልተወው ያለ ሳል ሲይዘው «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ወደ እንጥል ቆራጭ መውሰድ በአማራ አካባቢ ለብዙ ዘመን የኖረ ልማድ ነው። የሚያስደርጉት እናቶች ልጃቸውን ከመውደዳቸው የተነሣ እንጂ በክፋት አይደለም። «እገሌ ከተቆረጠ በኋላ ድኗል» ሲባልም ሰምተዋል። ነገሩን ግን በእርጋታ እንመልከተው።

እንጥል በላንቃ ጫፍ የተንጠለጠለች ሥጋ ናት። ምግብና መጠጥ ስንውጥ ከላንቃው ጋር ወደ ላይ ተነሥታ ወደ አፍንጫ እንዳያልፍ ትረዳለች። ጉሮሮ ሲታመም እርሷም አብራ ታብጣለች፤ ትቀላለች። ማበጧ የሕመሙ ውጤት ነው፤ የሳሉ ምክንያት አይደለችም። ታዲያ ከተቆረጠ በኋላ የዳነው ሕፃን በምን ዳነ ቢሉ፣ የጉንፋን ሳል ቢቆረጥም ባይቆረጥም በጊዜው የሚለቅ ስለሆነ ነው። ቀኑ ሲደርስ የለቀቀውን ሳል ምስጋናውን ምላጭ ወሰደው። ያልዳነው ሕፃን ታሪክ ግን እንደ ዳነው አይወራለትም።

ጉዳቱ የታወቀ ነው። ደም አልቆም ይላል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ባልተቀቀለ ስለት ምክንያት መንጋጋ ቆልፍ፣ እንዲሁም በደም የሚተላለፉ በሽታዎች ይገባሉ። ትክክለኛው በሽታ የሳምባ ምች ከሆነ ደግሞ ለሕክምናው የሚያስፈልገው ጊዜ በከንቱ ያልፋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም የሕፃን እንጥል መቁረጥን ቅቤ ከማዋጥ ጋር ስሙን ጠርቶ በጎጂ ልማዳዊ ድርጊትነት ቈጥሮታል። በድርጊቱ ምክንያት ሕፃን ከሞተ ወይም ጉዳት ከደረሰበት በሕግ ያስቀጣል። አያትና አክስት «እኛም ተቆርጠን አድገናል» ብለው ቢጠይቁዎ በአክብሮት ይመልሱላቸው፤ ልጁን ግን አይስጡ።

ሕፃን ሲስል ትንፋሹን ይቁጠሩ

ተራውን ሳል ከሳምባ ምች የሚለየው የሳሉ ጩኸት ሳይሆን አተነፋፈሱ ነው። ይህን ማንኛዋም እናት በቤቷ ልታውቀው ትችላለች። ሕፃኑ ጸጥ ባለበት ወይም በተኛበት ጊዜ ልብሱን ከደረቱ ከፍ ያድርጉና ደረቱ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ሰዓት ከሌለ የእጅ ስልክ ላይ ያለው ይበቃል። ሁለት ወር ያልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ይህ ፈጣን አተነፋፈስ ነው። በዚያው ቀን ወደ ጤና ባለሙያ መወሰድ አለበት።

ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ ጡት መጥባት ወይም መጠጣት የተሳነው፣ የሚያስመልሰው ሁሉ የሚወጣበት፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም አልነቃ ያለ ሕፃን ግን ሌሊትም ቢሆን አይጠበቅም። በስማዳና በታች ጋይንት ቆላ ደግሞ ሳልና ትኩሳት አንድ ላይ ሲሆኑ ወባም ሊኖር ስለሚችል የደም ምርመራ እንዲደረግለት ይጠይቁ።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሠራተኞቹ የሠለጠኑት ትንፋሽን ለመቁጠርና ለሕፃናት የሳምባ ምች የመጀመሪያውን መድኃኒት ለመስጠት ጭምር ነው። የቀበሌዎ ጤና ኬላ ክፍት ከሆነ መጀመሪያ ወደዚያው ይሂዱ። ካልሆነም ወደ ጤና ጣቢያ ወይም እንደ ቅርበቱ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ወይም ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይወሰዳል። በክረምት ወንዙ ሲሞላና መንገዱ ሲበላሽ፣ ወይም በሌላ ምክንያት መንገድ ሲዘጋ፣ የጧቱ ጉዞ የማታውን ጭንቀት ያስቀራል። ስለዚህ ልጁ እየባሰበት መሆኑን ሲያዩ ገና በጧቱ ይነሡ።

ትክትክና ከሳምባ ምች ዓይነቶች ዋና ዋናዎቹ በክትባት የሚከላከሉ ናቸው። የሕፃኑ ክትባት ሲወለድ ጀምሮ፣ ከዚያም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። የሳምባ ምች መከላከያ የሆነው የኒሞኮካል ክትባት በአገራችን መሰጠት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ያለፈ ቀጠሮ ካለ «አሁን ዘግይቷል» ብለው አይተዉት፤ ይዘውት ይሂዱ።

ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል

ለዐዋቂ የሚሠራው ደንብ አጭር ነው። ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው አክታ ይመርመር። ከላይ እንዳልነው ብዙው ሳል በጉንፋን ቁስለት ሊቆይ ይችላልና ይህ ማለት ሁለት ሳምንት የሳለ ሁሉ ሳምባ ነቀርሳ አለበት ማለት አይደለም። ነገር ግን ኢትዮጵያ በዓለም ሳምባ ነቀርሳ ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ ከብዙዎቹ መካከል ያለው አንዱ ሕመምተኛ እንዳይታለፍ ሁሉም መመርመር አለበት። ከሳሉ ጋር የማታ ትኩሳት፣ ልብስ የሚያርስ የሌሊት ላብ፣ መክሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለ ሁለት ሳምንቱንም መጠበቅ አያስፈልግም።

ምርመራው አያሠቅቅም። አክታው ከደረት በጥልቅ ስሎ የወጣ እንጂ ምራቅ መሆን የለበትም። ጧት ከእንቅልፍ ሲነሡ፣ ከቤት ውጭ፣ ነፋሻ ቦታ ላይ ሆኖ በተሰጠው ዕቃ ማውጣት ጥሩ ነው።

የሳምባ ነቀርሳ ሳል ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ከሐፍረት የተነሣ ነው። ልጃገረድ እንደሆነች «የሚያገባኝ አጣለሁ» ብላ፣ ባለትዳርም እንደሆነች «ከቤት እገለላለሁ» ብላ በጋቢዋ ውስጥ ታፍናዋለች። በሽታው ግን የዘር እርግማን እንዳልሆነ፣ ሮበርት ኮክ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ተሕዋሱን በ1874 ዓ.ም. (በ1882 እ.ኤ.አ.) ባስታወቀ ጊዜ ታውቋል። የሚተላለፈው በዋናነት በትንፋሽና በሳል በሚበተን ረቂቅ ጠብታ ነው። አብሮ በመብላት፣ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት ወይም እጅ በመጨባበጥ አይደለም። ያልፈላ ወተት ግን ከታመመች ላም በሽታውን ሊያመጣ ስለሚችል ወተት አፍልቶ መጠጣት ያስፈልጋል።

መድኃኒቱ በመንግሥት የጤና ተቋማት በነፃ የሚሰጥ ሲሆን የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይወስዳል። ሕመምተኛው በተገቢው መድኃኒት ላይ ጥቂት ሳምንታት ከቆየ በኋላ ለሌላ ሰው ማስተላለፉ በጣም ይቀንሳል። እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ስሕተት ይሠራል። ሁለት ወር ሲሆነው ሳሉ ይቆማል፤ ሰውነቱ ይመለሳል፤ «ድኛለሁ» ብሎ ያቆማል። ያቋረጠው በሽታ ግን መድኃኒቱን ለምዶ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ሕክምናው ይረዝማል፤ ይከብዳልም። በቤትዎ ሕመምተኛ ካለ አብረውት የሚኖሩት ሁሉ፣ በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ይመርመሩ። ቤቱን በቀን ከፍተው አየር ያስገቡበት። ሕመምተኛውን ግን ከገበታ አይለዩት።

አክታው ተመርምሮ ነፃ ከሆነና ሳሉ ካልተወ ሌሎች ምክንያቶች ይፈለጋሉ። በሌሊትና በጭስ የሚብስ፣ ሲተነፍሱ የሚያፏጭ ሳል አስም ሊሆን ይችላል። ከምግብ በኋላና ሲተኙ የሚመጣ፣ ቃር ያለው ሳል ከጨጓራ አሲድ ሊነሣ ይችላል። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የሚወስዱ ሰዎችም አንዳንዶቹ ደረቅ ሳል ይይዛቸዋል። መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ፤ ለሐኪምዎ ይንገሩ እንጂ፤ በሌላ ሊለወጥልዎ ይችላል።

ውድ አንባቢያችን፤ የሚስለው ሰው ሁልጊዜ ሌላ ሰው አይደለም። እናት ለልጅዋና ለባልዋ ሳል ማር ስትበጠብጥ የራስዋን ሳል ትረሳዋለች፤ «ጭሱ ነው» ብላ ዓመት ታስቈጥረዋለች። እርስዎ ራስዎ መሳል የጀመሩት መቼ ነበር? ቀኑን በበዓል ወይም በገበያ ቀን አስታውሰው ይቁጠሩ። ሁለት ሳምንት ያልሞላው ከሆነ ማሩና ዝንጅብሉ እነሆ፤ ከምድጃው ራቅ ይበሉና ይረፉ። ሁለት ሳምንት ከሞላው ግን የሚቀጥለው የገበያ ቀን ሳያልፍዎ፣ ወደ ገበያው ሲወርዱ በጤና ጣቢያው በኩል ይለፉ።